ባቡሩ የተወው መንገድ
በአንደሉስ የወይራ ምድር፣ መኪና በማያልፍበት ጎዳና



መንገድ የሁሉም ነው ይባላል። ነገር ግን በዘመናችን መንገድ የማን እንደሆነ ለማወቅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ብስክሌት እየገፋ ወደ አስፋልት ሲወጣ እናቱ የምትሆነውን ማየት ይበቃል። እናት ብትጨነቅ አይፈረድባትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለማችን በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ከሞት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው፤ ይኸውም በዙሪያቸው የሚከልላቸው ብረት የሌላቸው ሰዎች ማለት ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ድርጅት ልጆች በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። እንግዲህ ወላጅ በሁለት ነገር መካከል ይቆማል። ልጅህን ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት አንስተህ ወደ ውጭ አውጣው ይባላል፤ ውጭው ደግሞ የመኪና ነው። ለመሆኑ አባት፣ እናት፣ ልጅና አያት ሳይሳቀቁ አብረው የሚጓዙበት ረጅም መንገድ ሊኖር ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ አንድ አገር የሰጠውን መልስ ለማየት እንሞክራለን። አገሩ ስፔን ነው፤ መልሱ የተገኘውም ማንም አልፈልገውም ብሎ ከጣለው ነገር ውስጥ ነው።

የዘይቱ ባቡር

በደቡብ ስፔን፣ ሙስሊሞች ለዘመናት አንደሉስ ብለው በጠሩት ምድር፣ ኻኤን የምትባል ከተማ አለች። በዐረብኛ መጻሕፍት ስሟ ጀይያን ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ዐይን እስከሚደርስበት የሚታየው ወይራ ብቻ ነው። ኮረብታው ወይራ፣ ሸለቆው ወይራ፣ የቤቱ ጓሮ ወይራ ነው። በኻኤን ክፍለ ሀገር ውስጥ ያሉት የወይራ ዛፎች ከ60 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስፔን በወይራ ዘይት ምርት ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን፣ በስፔን ውስጥ ደግሞ ቀዳሚዋ ይህች ክፍለ ሀገር ናት።

ይህን ሁሉ ዘይት ወደ ባሕር ማድረስ ያስፈልግ ነበር። ስለሆነም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከሊናሬስ ተነስቶ በኻኤን በኩል እስከ ፑዌንቴ ኸኒል የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1893 ተጠናቀቀ። የወይራ ዘይት በዚህ መስመር ወደ ደቡብ ወደቦች ይወርድ ስለነበር ሕዝቡ «የዘይት ባቡር» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ግን የመኪና ዘመን መጣ። ጭነቱን የጭነት መኪና፣ ተሳፋሪውን አውቶቡስ ወሰደው። ባቡሩ ኪሳራ እንጂ ትርፍ የለውም ተባለና በ1980ዎቹ አጋማሽ መስመሩ ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ ጣቢያዎቹም ባዶ ቀሩ።

ይህ በአንድ መስመር ላይ ብቻ የደረሰ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 በስፔን ባቡር የማያልፍበት መስመር ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የባቡር ፋውንዴሽን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከክፍለ ሀገሮችና ከከተማ አስተዳደሮች ጋር ሆኖ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። የተጣሉትን መስመሮች ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው እንክፈታቸው የሚል ነበር። ስማቸውንም «ቪያስ ቬርዴስ»፣ ማለትም «አረንጓዴ መንገዶች» አላቸው። ዛሬ እነዚህ መንገዶች ሲደመሩ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናሉ። የዘይቱ ባቡር መንገድም አንዱ ነው፤ ከኻኤን እስከ ፑዌንቴ ኸኒል 128 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል።

ባቡር ዳገት አይወድም

አንባቢ «የባቡር መንገድ ለብስክሌት ምኑ ይመቻል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ምስጢሩ ያለው በባቡሩ ድካም ላይ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ለስላሳ ስለሆነ በሜዳ ላይ ብዙ ጭነት በጥቂት ጉልበት ይጎትታል። ዳገት ሲያጋጥመው ግን ያው ልስላሴ ይጎዳዋል፤ ጎማው ይንሸራተታል። በዚህ የተነሳ መሐንዲሶቹ መንገዱ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ብዙ ደከሙ። ኮረብታ ሲመጣባቸው ቆረጡት ወይም በዋሻ ሰረሰሩት። ሸለቆ ሲያጋጥማቸው ድልድይ ሠሩበት። ጠመዝማዛውንም ሰፋ አድርገው አዞሩት።

ውጤቱ የሚያስገርም ነው። አገሩ ተራራማ ነው፤ መንገዱ ግን ተራራ አያውቅም። ለደካማ ባቡር ተብሎ የተለሰለሰው ዳገት ዛሬ ለስምንት ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት ሆነ።

ገሚሱ መንገድ የተጠቀጠቀ አፈርና ጠጠር ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ስስ አስፋልት የተቀባ ነው። በቅርብ ዓመታት በአውሮፓ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ተብሎ የሚሠራ «ግራቭል» የሚሉት ብስክሌት ተስፋፍቷል፤ ቃሉ ጠጠር ማለት ነው። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት የታጠፈ ሲሆን ጎማው ግን ወፈር ያለ፣ ስፋቱም 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወፍራም ጎማ በመጠኑ ተነፍቶ ሲሄዱበት የጠጠሩን ንዝረት ይውጣል፤ አይንሸራተትምም። ሆኖም ቤተሰብ ለዚህ መንገድ ውድ ብስክሌት መግዛት አያስፈልገውም። ጎማው ደህና፣ ፍሬኑ አስተማማኝ ከሆነ ተራ ብስክሌት ይበቃል።

በመንገዱ ላይ የሞተር ተሽከርካሪ መንዳት ክልክል ነው። በአንዳንድ ቦታ ገበሬዎች ወደ ማሳቸው ለመድረስ በትራክተር ያልፋሉ። ከመኪና መንገድ ጋር የሚገናኝባቸውም ቦታዎች ስላሉ እዚያ ላይ ከብስክሌት ወርዶ ግራና ቀኝ ማየት ግድ ነው። ከነዚህ በቀር የሚሰማው የወፍ ድምፅና ጠጠር ከጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ነው።

ከጣቢያ ወደ ጣቢያ

እንግዲህ ከኻኤን እንነሳ። ከተማዋን ከመልቀቃችን በፊት ግን አንድ ሰው እናስታውስ። በአገራችን የቂርአት ቤቶች ነህው የቀራ ደረሳ ሁሉ «አልፊያ»ን ያውቃል፤ የዐረብኛን ሰዋስው በአንድ ሺህ ያህል ስንኞች የሚያስተምር ኪታብ ነው። የኪታቡ ባለቤት ኢብኑ ማሊክ በ13ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ የተወለዱት እዚህች ከተማ ውስጥ ነበር፤ «አል-ጀይያኒ» መባላቸውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በኋላ ወደ ምሥራቅ ተጉዘው በሻም ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1274 በደማስቆ አረፉ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1246 ኻኤን በካስቲሊያው ንጉሥ በፈርናንዶ 3ኛ እጅ ወደቀች። ከተማዋ ከሙስሊሞች እጅ ብትወጣም የልጇ ኪታብ ግን እስከ ወሎ መንደሮች ድረስ ዘልቋል። ከዚያ ዘመን በኻኤን ከቀሩት ነገሮች አንዱ በ11ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ከላዩ ቤተ መንግሥት ተሠርቶበት ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ኖሯል።

ከኻኤን ወጥተን ቶሬዴልካምፖንና ቶሬዶንኺሜኖን አልፈን ማርቶስ እንደርሳለን። ማርቶስ በትልቅ ዓለት ሥር የተቀመጠች፣ ኑሮዋ በወይራ ላይ የቆመ ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በዚህ የሚያልፍ ሰው የመኸሩን ሥራ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ያያል። ከዛፎቹ ሥር መረብ ይነጠፋል፤ ቅርንጫፉ በረጅም ዘንግ ወይም በመንቀጥቀጫ መሣሪያ ይመታል፤ ፍሬው ተሰብስቦ በትራክተር ተጎታች ወደ መጭመቂያው ይሄዳል። ከለቃሚዎቹ ብዙዎቹ ከሞሮኮና ከምዕራብ አፍሪካ ለእንጀራ የመጡ ናቸው። ለመዝናናት የሚያልፍ ሰው ሰላምታ ሳይሰጣቸው ማለፍ የለበትም።

ቋንቋውን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሌላም ነገር ያገኛል። ስፔኖች ዘይትን «አሴይቴ» ይላሉ፤ «አዝ-ዘይት» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። የወይራውን ፍሬ «አሴይቱና» ሲሉት «አዝ-ዘይቱና» ማለታቸው ነው። መጭመቂያው «አልማሳራ»፣ የመስኖ ቦዩ «አሴኪያ» ይባላል፤ ሁለቱም «አል-መዕሰራ» እና «አስ-ሳቂያ» ከሚሉት ቃላት የወጡ ናቸው። ወንዞቹም «ጓድ» እያሉ ይጀምራሉ፤ «ዋዲ» ማለት ነው። እኛም በአማርኛ ዘይት ስንል ከዚያው ግንድ የወጣ ቃል እንናገራለን። ዛፉ ራሱ ቢሆን ባዕድ አይደለም። በአገራችን የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ ከዚህኛው ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የኛው ፍሬው ትንሽና ሥጋው ጥቂት የሆነ የዱር ዘመዱ ነው።

ከማርቶስ ቀጥሎ የብረት ድልድዮች ይመጣሉ። በመንገዱ ላይ 13 ድልድዮች ሲኖሩ የተሠሩትም የፓሪሱ የኤፌል ግንብ በቆመበት ዘመን አካባቢ ነው። የአልካውዴቴን ግንብ በኮረብታው ላይ እያየን አልፈን፣ ከተነሳንበት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የጓዳኾስን ወንዝ የሚሻገረውን ድልድይ እናገኛለን። ርዝመቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ይህ ወንዝ የኻኤንና የኮርዶባ ክፍለ ሀገሮች ወሰን ነው። ኮርዶባ እኛ ቁርጡባ ብለን የምናውቃት ናት።

ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ሉኬን፣ በገደል ጫፍ የተንጠለጠለችውን ነጭ መንደር ሱኤሮስን፣ ዶኛ መንሲያን እናልፍና ካብራ እንደርሳለን። በካብራ ጣቢያ የዘይት ባቡሩን ታሪክ የሚያስረዳ ማዕከል አለ። ከአሮጌዎቹ ጣቢያዎች አንዳንዶቹም ምግብ ቤትና ብስክሌት ማከራያ ሆነዋል። ባቡሩ ቢቀርም ጣቢያ ጣቢያነቱን አልተወም፤ ዛሬም የደከመው ያርፍበታል፣ የጠማው ይጠጣበታል። ከካብራ ቀጥላ ሉሴና ናት። የግራናዳው የመጨረሻው ሱልጣን አቡ ዐብዲላህ ሙሐመድ እ.ኤ.አ. በ1483 በዚህች ከተማ አካባቢ በተደረገ ጦርነት ተማርኮ በግንቧ ውስጥ ታስሮ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1492፣ ግራናዳን ያስረከበው ይኸው ሰው ነው። ከሉሴና ተነስተን ፑዌንቴ ኸኒል ስንደርስ 128 ኪሎ ሜትሩ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ስንል አገሩ ችግር የለበትም ለማለት አይደለም። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት ኮረብታ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ በቀላሉ ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የመኸር ወቅት ድርቅ ስለበረታ የስፔን የወይራ ዘይት ምርት ከቀደመው ዓመት ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ዘይት ብቻ ለሚያመርት መንደር እንዲህ ያለው ዓመት ከባድ ነው። በመሆኑም ብስክሌት ይዞ የሚመጣው እንግዳ የሚበላበት፣ የሚያድርበትና ጎማ የሚያስለጥፍበት ገንዘብ ለመንደሩ ትንሽ ድጋፍ ነው።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ

በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚህ ሊሄዱ ይችላሉ። ለእነሱ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛ ወቅቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ጥላም የለም፣ ወይራ አጭር ዛፍ ነውና። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ዝናብ በጣለ ማግሥት ግን የአንዳንዱ ቦታ ጭቃ ጎማ ላይ ስለሚጣበቅ አንድ ቀን መታገሥ ይበጃል።

ሁለተኛ መጠኑ ነው። ከልጅ ጋር የሚሄድ ሰው በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይበቃዋል። 128 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ወይም በአራት ቀን መክፈል፣ አለዚያም ከሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለውን ብቻ ሄዶ መመለስ ይቻላል። የቡድኑ ፍጥነት የትንሹ ልጅ ፍጥነት ይሁን። ትልቁ ወንድም ከፊት ሲሮጥ ትንሹ ከኋላ ሲያለቅስ ከዋለ አብሮ መሄድ ቀርቷል።

ሦስተኛ ዕቃው ነው። ለያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያና መለጠፊያ መያዝ ያስፈልጋል። በወይራው መካከል ጎሚስታ የለም። ለዋሻዎቹ መብራት ይያዝ፤ መብራት የተገጠመባቸው ቢኖሩም ሁልጊዜ አይታመኑም። በስፔን ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በየትኛውም ቦታ፣ አዋቂ ደግሞ ከከተማ ውጭ ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው።

አራተኛ ለእናቶችና ለእህቶች ነው። ረጅም ልብስ በካቴና ወይም በጎማ ዘንጎች እንዳይያዝ መሐል ብረቱ ዝቅ ያለ፣ ካቴናው የተሸፈነ ብስክሌት መምረጥ ይገባል። እንዲህ ያለው ብስክሌት በኪራይ ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። መኪናና ግርግር በሌለበት መንገድ ላይ ሴት ልጅ ሳትሳቀቅ ብስክሌት ልትማር ትችላለች።

አምስተኛ ሰዓቱ ነው። የስፔን የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐዩ ይቀድማል። በሰኔ ወር በዚህ አገር ዙህር የሚገባው ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ መግሪብ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሶላትን ከጉዞው ጋር አስቀድሞ ማቀድ ቀኑን ያቀናል፤ የዙህር ዕረፍት ከበረታው ፀሐይም ያሳርፋል። የምግብ ነገር የሚያሳስበው ደግሞ ዳቦ፣ የወይራ ዘይት፣ ቲማቲም፣ እንቁላልና ፍራፍሬ በየመንደሩ አያጣም። ዘይቱን ከምንጩ መቅመስ ራሱ አንድ በረካ ነው።

መሬቱ ባይቆራረስ

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ ልናነሳው የምንፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው። የዘይቱ ባቡር መንገድ ዛሬ የልጆችና የአዛውንት መንገድ ሊሆን የቻለው ባቡሩ ከቆመ በኋላ መሬቱ ስላልተቆራረሰ ነው። የባቡር መንገድ ዋጋው በርዝመቱ ላይ ነው። ከመካከሉ አንድ ኪሎ ሜትር ለአንድ ሰው ቢሸጥ፣ አንድ ድልድይ ለብረቱ ሲባል ቢፈርስ፣ የቀረው 127 ኪሎ ሜትር መድረሻ የሌለው ቁራጭ ይሆናል። አንድ ጊዜ የተበጣጠሰውን መልሶ ለመገጣጠም ደግሞ የትኛውም አገር ገንዘብ አይበቃውም። በስፔን ራሱ ብዙ መስመር እንዲሁ ጠፍቷል። የተረፈው በጊዜው «ይህ የሁላችን ነው፣ አይነካ» ያለ ሰው የተገኘበት ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ለገሀር የደረሰው ሐዲድ ድሬዳዋን የወለደ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አብዛኛው አሮጌ መስመር ግን ባቡር አያልፍበትም። ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት የሚመለከታቸው ናቸው፤ ባቡር ቢመለስበትም መልካም ነው። ነገር ግን በየከተማው ሰፈር በመስመሩ ላይ እየተጓዙ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነሱ ያ መሬት ዛሬም መኪና የሌለበት መንገድ ነው። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 አንዳንድ ጎዳናዎችን ለአንድ ቀን ከመኪና ነጻ አድርጎ ለእግረኛ የመተው ልማድ ተጀምሮ ነበር፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ጅምሩ መልካም ነው። መስመሩ እስከ መጨረሻው የሚገናኝ፣ መኪና የማይቆምበት፣ ዕቃ የማይዘረጋበት እንዲሆን መጠበቅ ግን የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የያንዳንዳችን ሥራ ነው።

በመድረሳ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ከመንገድ ላይ የሚጎዳን ነገር ማንሳት ከኢማን እንደሚቆጠር ተምሯል። ብዙ ጊዜ ይህን የምናስበው እሾህና ድንጋይን ነው። በዚህ ዘመን ከልጆቻችን መንገድ ላይ ሊነሳ የሚገባው ግን ከእሾህ የከበደ ነው። ብስክሌት መስመር ላይ መኪናውን ያላቆመ አባት፣ በትምህርት ቤት በር ፍጥነቱን የቀነሰ ሹፌር፣ የሰፈሩ እግረኛ መንገድ ሲታጠር «ይህ የሁላችን ነው» ብሎ የጠየቀ ጎረቤት፣ እያንዳንዳቸው ከመንገድ ላይ አንድ እሾህ አንስተዋል።

አላህ የልጆቻችንን መንገድ ሰላም ያድርግልን። አሚን።